ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ፦ የግል መሰናዶ በባሕር ዳር እንዴት አደገ፣ የት ላይ ተሰናከለ

በባሕር ዳር የግል ትምህርት ቤት መሰናዶ (የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ቤት) ሆኖ የሚወለደው ከስንት አንዴ ነው። የተለመደው ጅምር በኪራይ ግቢ ውስጥ ያሉ ጥቂት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎች፣ አንድ የጥበቃ ቤት እና አንድ ዥዋዥዌ ናቸው። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ወላጅ «ለከርሞስ የት ልናስገባቸው ነው?» ይላል፤ ባለቤቱም አንድ ክፍል ይጨምራል፣ በዓመቱ ሌላ ይደግማል። ከነርሰሪ ብቻ ተነሥቶ በየዓመቱ አንድ ክፍል የሚጨምር ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚያቀርበው በ15ኛ ዓመቱ ነው፤ ሦስቱ የመዋዕለ ሕፃናት፣ አሥራ ሁለቱ የመደበኛ። በ1994 ዓ.ም. በሩን የከፈተ ቢኖር 2008 ዓ.ም. ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚከተለው ያንን መንገድ ነው፤ ከታች ወደ ላይ እያደገ መሰናዶ የደረሰውን የባሕር ዳር የግል ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቶችን በስም አንጠራም። ስለ ተማሪ ብዛት፣ ስለ ሴክሽንና ስለ ክፍያ የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ አይደሉም። ጭብጣችን አንድ ነው። 11ኛ እና 12ኛ ከ10ኛ በኋላ የሚቀጠሉ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ተደርገው ተቆጠሩ፤ ነገር ግን የራሳቸው መምህር፣ የራሳቸው ሒሳብ እና የራሳቸው ምዘና የሚፈልጉ ሌላ ተቋም ነበሩ።

ወንፊቱ

መሰናዶ የመጣው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው 12ኛ ጨርሶ ማትሪክ ይፈተንና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በፍሬሽማን፣ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ይጀምር ነበር። አዲሱ መዋቅር በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና አስቀመጠ፤ ፈተናው በ1993 ዓ.ም. ተጀመረ፣ መሰናዶም በ1994 ዓ.ም. ተከተለ። ፍሬሽማን ቀርቶ ይዘቱ ወደ 11ኛ እና 12ኛ ወረደ፤ አብዛኛው የዲግሪ ትምህርትም ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ይሸከመው የነበረው የሒሳብና የፊዚክስ ክፍል ሁለተኛ ደረጃ መምህር ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ለባሕር ዳር ይህ ከሌላው የክልሉ ከተማ ይልቅ የቀለለ ነበር። በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ (ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ) እና በ1960ዎቹ የተቋቋመው ፔዳ (የፔዳጎጂ አካዳሚው) በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ፔዳ ከመጀመሪያውም የመምህራን ማሠልጠኛ ስለነበር የፊዚክስና የኬሚስትሪ ምሩቅ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገኛል። የዩኒቨርሲቲው መምህርና ሠራተኛ ደግሞ ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገባ የሚፈልግ፣ ለዚያም የሚከፍል ወላጅ ነው። የግሉ ባለሀብት ሁለቱንም በአንድ ከተማ አገኘ፤ አስተማሪውንም ደንበኛውንም።

በ2001 ዓ.ም. የመጣው የ70/30 የቅበላ ፖሊሲም የራሱን ገፋ። ከመቶ ሰባው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለተፈጥሮ ሳይንስ ሲሆን ወላጅ ሁሉ ልጁን ወደ ናቹራል አዞረ፤ ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ) የገባው የተረፈ ተማሪ ሆኖ ታየ። ይህ አመለካከት ኋላ ሒሳቡን ሲያዛባው እናያለን።

በእነዚያ ዓመታት የግል መሰናዶዎች ውጤት ያማረ ነበር። ምክንያቱ ግን በቅጡ አልተመረመረም። 11ኛ ክፍል የሚገባው ተማሪ አስቀድሞ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተበጠረ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚረከበው ያለፈውን ብቻ ነው። ወንፊቱ የሥራውን ትልቅ ድርሻ ይሠራ ነበር፣ ምስጋናው ግን ለትምህርት ቤቱ ይሄድ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ በ2011 ዓ.ም. ተሰጥቶ ሲቀር ወንፊቱ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ከ10ኛ ወደ 11ኛ የሚያሻግረው ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው ማርክ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ሁለቱ ለውጦች ባንድ ላይ የመሰናዶን ሥራ ከሥሩ ቀየሩት፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤት ግን የምዝገባ ቅጹን ብቻ ቀይሮ ቀጠለ።

የሴክሽን ሒሳብ

ከታች የሚያድግ ትምህርት ቤት ቅርጹ እንደ ጉልላት ነው፤ እታች ሰፊ፣ እላይ ጠባብ። የመጀመሪያው መጥበቢያ ሚኒስትሪ፣ ማለትም የ8ኛ ክፍል ፈተና፣ ሲያልቅ ይመጣል። ወላጅ ቁጭ ብሎ ያሰላል፤ ጣና ሐይቅ፣ ግዮን፣ ፋሲሎ የመሳሰሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ወርሐዊ ክፍያ የለባቸውም። በክልሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋው እስከ 8ኛ ድረስ አማርኛ ሆኖ በ9ኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር፣ ሒሳብና ሳይንስን ቀደም ብሎ በእንግሊዝኛ የተማረው የግል ተማሪ እዚያ ቢሄድም ብልጫ አለው። ስለዚህ ወላጁ «መሠረቱን ይዟል፣ ከዚህ በኋላ መንግሥት ይበቃዋል» ብሎ ያወጣዋል። ትምህርት ቤቱ ስምንት ዓመት ያሳደገው ልጅ የሚሄደው ገና ፍሬ ሊሰጥ ሲል ነው።

እስቲ እናስላ። 8ኛ ክፍል ላይ 40 ተማሪ የያዙ ሦስት ሴክሽኖች፣ ማለትም 120 ተማሪ አለ እንበል። 9ኛ ላይ 80፣ 11ኛ ላይ 60 ይቀራሉ። ከ60ው 45ቱ ናቹራል፣ 15ቱ ሶሻል ይመርጣሉ። ሶሻሉ የሚያስገባው ክፍያ የናቹራሉን ሲሶ ነው። የሚወስደው ክፍለ ጊዜ ግን እኩል ነው፤ በቀን 7፣ በሳምንት 35። ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ለ15 ልጅም ለ45 ልጅም ያው መምህር ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሞክረው ሁለቱን ማዋሐድ ነው። እንግሊዝኛ፣ አይሲቲና ስፖርት ይዋሐዳሉ፤ ችግር የላቸውም። ሒሳብ ሲዋሐድ ግን መሃል ላይ ይሰበራል። በቀድሞው የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች የተለያዩ ነበሩ፤ ቬክተርና ተጨማሪው ትሪጎኖሜትሪ ለናቹራል፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የንግድ ሒሳብ ለሶሻል። የተዋሐደ ክፍል እዚያ ሲደርስ መምህሩ ለብዙኃኑ ያስተምራል፤ ሶሻሎቹ ከኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻ ይገለብጣሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሊኒየር ፕሮግራሚንግን በሰሌዳ ያላዩ ልጆች 12ኛ ይገባሉ። መድኃኒቱ ሴክሽኑን በሙሉ መለየት አይደለም፤ ከ35ቱ ክፍለ ጊዜ የሒሳቡን አምስት ብቻ ለይቶ ለሌላ መምህር መስጠት ይበቃል። ባለቤቶች ግን የአምስት ክፍለ ጊዜ ክፍያ ለማዳን ሲሉ የ15 ልጆችን ሒሳብ ይጥላሉ። ይህ ከገንዘብ በላይ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ እነዚያ ልጆች የከፈሉት ከናቹራሎቹ ሳንቲም አላነሰም።

ስለ ሕንፃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከመኖሪያ ግቢ የተነሣ ትምህርት ቤት ፎቅ ሲጨምር መጸዳጃ መጨመሩን ይረሳል፤ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ሴፕቲክ ታንኩ በክረምት ቶሎ ይሞላል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የመጀመሪያው ወጪ ማስመጠጫ ይሆናል።

መምህሩ በክረምት ይሄዳል

የግል መሰናዶ የጀርባ አጥንቱ ለረጅም ጊዜ የትርፍ ሰዓት መምህር ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ፈረቃውን ጨርሶ በባጃጅ ይመጣል፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ ይሄዳል። ጎበዝና ልምድ ያለው ነው፤ ችግሩ ሰውየው ሳይሆን ፕሮግራሙ በእሱ መምጫ ሰዓት ዙሪያ መሠራቱ ነው። ፊዚክስ ቀኑን ሙሉ በደከመ ተማሪ ላይ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ይወድቃል። እዚያ ስብሰባ ወይም የፈተና ሳምንት ሲኖር እዚህ ክፍሉ ባዶ ይውላል። የተማሪ ደብተር የሚያይበት፣ ያልገባውን ልጅ ጠርቶ የሚያስረዳበት ሰዓት የለውም።

ከተሞክሮ የወጣው ደንብ ቀላል ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ እና እንግሊዝኛ ቋሚ መምህር ይኑራቸው፤ መምህሩም 11ኛ ያስተማረውን ክፍል ተከትሎ 12ኛ ይውጣ፣ ውሉም የሁለት ዓመት ይሁን። ታሪክንና ጂኦግራፊን የ9ኛ እና የ10ኛው መምህር ደርቦ ይይዛል፤ የሳምንቱ ጭነት ከ20 እስከ 25 ክፍለ ጊዜ እስካልበለጠ ድረስ ጥራቱ አይወርድም። የትርፍ ሰዓት መምህር ለኢኮኖሚክስና ለቱቶሪያል ይቆይ።

ቋሚ መምህር ግን የሚቆየው ክረምቱን ከተከፈለ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት የወደቀው እዚህ ነው። ወላጅ የሚከፍለው 10 ወር ነው፤ ደመወዝ 12 ወር ነው። በየወሩ ከሚገባው ክፍያ ስድስት አንድ እጁ፣ ወደ 17 በመቶ ግድም፣ ሳይነካ ካልተቀመጠ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ናቸው። 600,000 ብር በየወሩ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ወርሐዊ ወጪው ከ500,000 ማለፍ የለበትም፤ ቀሪው 100,000 በ10 ወር 1,000,000 ይሆንና ሁለቱን የክረምት ወራት በልኩ ይሸፍናል። የወሩን በወሩ የጨረሰው ሐምሌ ላይ «ደመወዝ መስከረም ላይ» ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህር የሚቀጥሩበት ወቅት ነው። ጥሩው የፊዚክስ መምህር የሚሄደው በዚያ ክፍተት ነው፤ 11ኛን ያስተማረው ሰው ሳይኖር 12ኛ ይጀመራል። በመስከረም የሚታየውን የመምህር ፍልሰት «የደመወዝ ፉክክር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሥሩ ግን ካለፈው መስከረም ጀምሮ ያልተቀመጠው ስድስት አንድ እጅ ነው።

የላብራቶሪው ቁልፍ

በኢንስፔክሽን ትምህርት ቤት ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል፤ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ይታያሉ። ቤተ ሙከራ ግብዓት ውስጥ ስለሚቆጠር ይገዛል፣ ይደረደራል፣ ይቆለፋል። «ኬሚካል ውድ ስለሆነ ነው» የሚባለውን በቁጥር እንየው።

አንድ የ40 ተማሪ ሴክሽን በአምስት በአምስት ቢከፈል 8 ቡድን ይሆናል፤ 8 ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ የመስታወት ቱቦ) ያስፈልጋል። የአሲድና የቤዝ ታይትሬሽን ሲሠራ አንዱ ቡድን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ፣ ማጠቢያውን ጨምሮ፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል። ለ8ቱ 800 ሚሊ ሊትር፣ እንግዲህ አንድ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበቃል። አንዱን ሊትር ለማዘጋጀት ከ37 በመቶው አሲድ የሚቀዳው 8.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም። ባለ 2.5 ሊትር ጠርሙስ በዚህ ስሌት 300 ጊዜ ያሠራል። ወጪው ኬሚካሉ አይደለም። ወጪው የሚሰበረው መስታወትና የላብ ቴክኒሺያኑ ደመወዝ ነው። ቴክኒሺያን ከሌለ መምህሩ በ40 ደቂቃ ውስጥ አዘጋጅቶ፣ አሠርቶ፣ አጥቦ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ በሩን አይከፍተውም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ ካልተሰጠው ቴክኒሺያኑም ቢኖር አይሠራም።

የሚበላሸውም በአያያዝ ነው። ሲልቨር ናይትሬት በነጭ ጠርሙስ መስኮት ሥር ሲቀመጥ ይጠቁራል፤ ቡናማ ጠርሙስና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። ማይክሮስኮፕ በክረምት ተሸፍኖ ከተቆለፈ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለው በደንብ የሚገጥም ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ 100 አልደርስ ሲል «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው መምህር አለ። ያ ልዩነት የአየር ግፊትን ለማስተማር በዚህ ከተማ በነፃ የተሰጠ ምሳሌ ነው።

የ2014 ፈተና

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመስከረም 30 ቀን 2015 ጀምሮ በሁለት ዙር ተሰጠ፤ ሶሻል አስቀድሞ፣ ናቹራል ተከትሎ። ተማሪው አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ፣ ስልክ ሳይዝ እዚያው እያደረ ተፈተነ። ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲወጣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዓመቱ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ።

የግል መሰናዶዎችን ያስደነገጠው ማለፊያው ከመቶ መቆጠሩ ብቻ አልነበረም። በካርድ ላይ 85 እና 90 ሲያመጡ የኖሩ ልጆች ከ50 በታች መጡ። እንዴት? አንዱን የውጤት መግለጫ ከፍተን እንየው። ተከታታይ ምዘና ከ60፣ የመጨረሻ ፈተና ከ40 ይያዛል እንበል። ልጁ በቤት ሥራ፣ በቡድን ሥራ፣ በደብተርና በተሳትፎ 54 ከ60 ያገኛል። በመጨረሻው ፈተና 16 ከ40። ድምሩ 70፤ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ልጁም «ደህና ነኝ» ይላል። ብሔራዊ ፈተናን የሚመስለው ግን 16ቱ ነው፤ ከመቶ 40። ልጁ ከማለፊያው በታች መሆኑ ካርዱ ላይ ነበረ፣ ድምሩ ሸፈነው እንጂ።

ድምሩ ለምን አበጠ? ወላጅ ከፍሎ ዝቅተኛ ማርክ ማየት አይወድም፤ መምህሩ ማርክ ካጠበቀ ቢሮ ይጠራል፤ ባለቤቱ ተማሪ እንዳይለቅበት ይፈራል። ማንም ክፉ ሳያስብ ሦስቱም ልጁን አሳሳቱት። የ10ኛው ክፍል ወንፊት ከተነሣ በኋላ ደግሞ እውነቱን ቀድሞ የሚናገር የውጭ ፈተና አልነበረም።

የሠራው ማስተካከያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሮስተሩ (የውጤት መመዝገቢያው) ላይ ተከታታይ ምዘናውና የመጨረሻ ፈተናው እያንዳንዳቸው ከመቶ ተሰልተው ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ከላይ ያለው ልጅ 90 እና 40 ይሆናል። ልዩነቱ ከ20 ሲበልጥ ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ዓይነቱን መምህር ያነጋግራል፤ በአንድ ልጅ ላይ ከሆነ ልጁን፣ በክፍሉ ሁሉ ላይ ከሆነ ምዘናውን ይመረምራል። የመጨረሻውን ፈተና የሚያወጣው ክፍሉን የማያስተምር መምህር ይሆናል፤ ወረቀቱ በስም ሳይሆን በቁጥር ይታረማል።

የጊዜው ነገርም አለ። በቀድሞው የወረቀት ፈተና ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነበር፤ ለአንዱ ጥያቄ 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ። እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ። በክፍል ውስጥ አምስት የሒሳብ ጥያቄ በ40 ደቂቃ ሲፈተን የኖረ ልጅ ይዘቱን ቢያውቅ እንኳ ሰዓቱ ያልቅበታል። ሞዴል ፈተና በዓመቱ መጨረሻ አንዴ ከሚሰጥ ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉውን ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ይሻላል። የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ (የማመዛዘን ችሎታ) ፈተና ደግሞ በሳምንቱ ፕሮግራም ላይ የራሱ ክፍለ ጊዜ የሌለው ትምህርት ነው። ማንም ስለማያስተምረው ማንም አይጠየቅበትም፤ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ መምህራን ተከፍሎ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ከ2015 ወዲህ

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ባሕር ዳር የሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። የሞባይል ኢንተርኔትም አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋረጠ። ለመሰናዶ ይህ ማለት የማታ ቱቶሪያል ቀረ፣ በቴሌግራም ይሰራጭ የነበረው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ መምጫው ጠፋ ማለት ነው። በቶሎ የተስተካከሉት ቱቶሪያሉን ከትምህርት በኋላ ከማድረግ ወደ ጠዋት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያመጡት፣ መጽሐፉንም ቀድመው በኮምፒውተራቸው ጭነው በፍላሽ ያደሉት ናቸው።

መንገድ ሲዘጋ ከየወረዳው ወደ ከተማዋ የገባ ቤተሰብ ልጁን በዓመቱ መሃል ይዞ ይመጣል፤ ትራንስክሪፕቱ የቀረው በተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። ያለ ማስረጃ መመዝገብ ደንብ ይከለክላል፤ ልጁን መመለስ ደግሞ ዓመቱን ማቃጠል ነው። እዚህ ላይ የሚሻለው ከከተማው ትምህርት መምሪያ ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ መያዝ ነው፤ ቃል ብቻ ከሆነ የ12ኛ ክፍል የተፈታኝ ምዝገባ ሲደርስ ስሙ ሳይወጣ ይቀርና ልጁ የሚያውቀው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

አዲሱ መዋቅር 9ኛን እስከ 12ኛ አንድ ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ስላሰረው «መሰናዶ» የሚለው ስም ከሰነድ ወጥቷል፤ ሰው ግን አሁንም «ፕሪፓራቶሪ» ይላል። ፈተናውም ወደ ኮምፒውተር እየዞረ ነው። ለዚህ ዝግጅቱ የሒሳብ ጥያቄን ከስክሪን እያነበቡ ስሌቱን በወረቀት መሥራትን መልመድ ነው፤ ዓይኑ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ቁጥር የሚያዛባ ተማሪ ብዙ ነው።

ወንፊቱ ስለሌለ የመለየቱ ሥራ ወደ 9ኛ ክፍል መግቢያ መጥቷል። ነሐሴ ላይ የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ተኩል ፈተና፣ 30 የሒሳብና 30 የእንግሊዝኛ ጥያቄ፣ ከ7ኛ እና ከ8ኛ ይዘት ብቻ የወጣ፣ ይበቃል። ዓላማው ደካማውን መመለስ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሌላ ወንፊት ሠራ እንጂ አላስተማረም። የወደቀበት ምዕራፍ በስሙ ትይዩ ይመዘገባል፤ ክፍልፋይና አልጀብራ ላይ የተሰናከሉት ተለይተው ከመስከረም እስከ ኅዳር ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራሉ፣ በታኅሣሥ ያንኑ ፈተና ደግመው ይወስዳሉ። ሁለቱ ውጤቶች ለወላጅ የሚሰጡት አጠገብ ለአጠገብ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ነው።